ጋሼ ወርቁና የዘንዶው መንገድ

በእኛ ሰፈር ጋሼ ወርቁ «ና ላድርስህ» ካሉ የሰው ፊት ይገረጣል። መናኸሪያ በር ላይ ባጃጅ አጥቶ ዝናብ የሚደበድበው ሰው እንኳ ያቺን የሳቸውን ነጭ ዲኤክስ ኮሮላ ሲያይ «አይ ጋሼ፣ ቅርብ ነኝ፣ በእግሬ እዘልቃለሁ» ብሎ ይሸሻል። ጎረምሶቹማ «ወርቁ ሊፍት ከሰጠህ መጀመሪያ ቤትህ ደውል» ይላሉ። ቀልድ ነው፤ ግን ከሜዳ የመጣ ቀልድ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዕድራችን ሰዎች አንዱ ሩቅ አገር ዘመድ ሲሞትበት ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለባለሐዘኑ ሳይሆን ለዕድሩ ዳኛ ለአቶ ወልደጻድቅ ነው። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ የቅርብ ዘመድ እስኪመጣ ይጠበቃል፣ ከዚያ ንጋት ላይ በር ተንኳኩቶ መርዶው ይነገራል። እስከዚያ ግን ሰውየው ምንም ሳያውቅ መዋል አለበት። ድንኳኑ ሲወጣ እንዳያይ፣ ስልኩ እንዳይጠራ፣ እንደኔ ያለ አፉ የማያርፍ ጎረቤት እንዳያገኘው ከሰፈር መራቅ አለበት። የሚያርቁት ደግሞ ጋሼ ወርቁ ናቸው።

ለዚህ ሥራ የታጩት መኪና ስላላቸው ብቻ አይደለም። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው ጡረታ እስኪወጡ የዩኒቨርሲቲው ሾፌር ነበሩ፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። «መሪ የያዘ ሰው ዓይኑ መንገድ ላይ ነው፤ ለምን አታየኝም የሚለው የለም» ይላሉ። በዚህ ዘዴ አንዱን እንጨት እንግዛ ብለው ይርጋለም ወስደውታል፣ ሌላውን በግ ምረጥልኝ ብለው ገበያ ለገበያ ሲያዞሩት ውለዋል። ማታ ቤቱ አድርሰው «ደኅና እደር» ይሉታል። ሲነጋ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆመው ሲያለቅሱ ይገኛሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ያን ሁሉ ዝምታ ለማን እንደሚተነፍሱት እንጃ።

እኔ ምሕረት እባላለሁ። ዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ፣ ምላሴም ረጅም ነው ይባላል። የማወራችሁ ጋሼ ወርቁ ለመጨረሻ ጊዜ ሰው ስላራቁበት ቀን ነው። ያን ቀን የኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ።

የተራቀችው ሙሉመቤት ናት። የግድግዳ ጎረቤቴ ናት፣ የዩኒቨርሲቲው ልብስ ሰፊ፤ የተመራቂዎቹ ጥቁር ጋውን ሁሉ በእጇ ያለፈ ነው። ከዓመታት በፊት ፊልም ሠሪዎች ሐዋሳ መጥተው ነበር። ዘንዶ ተነሥቶ የሐይቆቹን ውኃ ሁሉ ጠጥቶ ሊጨርስ ሲል ንጉሥ ጦር የሚያዘምትበት ዓይነት ፊልም ነው። ርእሱ ሌላ ነበር፤ እኛ ሰፈር ግን የዘንዶው ፊልም ተብሎ ቀረ። የዚያን ጦር ካባ በሙሉ የሰፋችው ሙሉመቤት ናት። ከወታደሮቹም አንዱ ታናሽ ወንድሟ ዮሴፍ ነበር፤ ባቱ ከተማ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ሲሆን ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ነው የዘመተው። አባታቸው ቶሎ ስለሞቱ ያሳደገችው እሷ ናት። እየመጣ ሲያጫውታት በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር። «እትዬ፣ ዘንዶ የሚባል ነገር የለም እኮ! ቀርከሃ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራሉ፣ ከዚያ ጨርቁን አይታችሁ ደንግጡ ይሉናል። ዘንዶው በኋላ በኮምፒውተር ነው የሚገባው።» እሷ በሳቅ ትፈርሳለች።

ታዲያ ካባዎቿ የዘመቱበትን ቦታ አንዱንም አላየችም። ያኔ እናቷ አልጋ ላይ ነበሩ፣ ጥላቸው አትሄድም። ፊልሙ ባህል አዳራሽ ሲታይ አብሬያት ገብቼ ነበር። ዮሴፍ ሻላ ሐይቅ አፋፍ ላይ ተወግቶ የሚወድቅበት ቦታ ሲደርስ ዓይኗን ጨፈነች። «የወንድሜን ሞት በብር ከፍዬ ልይ እንዴ? ሟርት ነው» አለችኝ። እናቷ ካረፉ በኋላ ግን አንድ ምኞት ያዛት፤ የፊልሙን ቦታዎች አንድ በአንድ እየዞሩ ማየት። ጋሼ ወርቁን ትጠይቃለች፣ እሳቸውም «ቤንዚን ሲገኝ» ይላሉ። ቤንዚን እንደሆነ በእኛ ከተማ መቼም አይገኝም። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

አርብ አመሻሽ ላይ ከባቱ ተደወለ። ዮሴፍ ሥራ ላይ እንዳለ ልቡን ይዞ ወድቋል፣ ሆስፒታልም አልደረሰ። ቀብሩ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

አቶ ወልደጻድቅ ቤት ተሰበሰብን። ባቱ እኮ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ንገሯትና ትሂድ፣ ትቅበረው አልኩ። እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፣ ደግ ናቸው፤ ግን ቃላቸው ቃል ነው። «ምሕረት፣ በእናቷ ቀብር ላይ የሆነችውን አይተሻል። ደም ብዛቷ አናቷ ላይ ወጥቶ ስንት ቀን ሆስፒታል ተኛች። አሁን ደግሞ በእጇ ያሳደገችው ልጅ ነው። ሁለት ሬሳ ልናነሳ ነው?» አሉኝ። ታላቅ እህቷ ከደሴ ተነሥታለች፣ ቅዳሜ ማታ ትገባለች፣ እሑድ ንጋት ላይ ሐኪም ባለበት ይነገራታል። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ እኔ ተናደድኩ፣ የሰማኝ የለም።

በመጨረሻ ጋሼ ወርቁ «የፊልሙን ቦታ ላሳያት። ለሌላ ነገር አትመጣልኝም፤ ታውቀኛለች» አሉ። አቶ ወልደጻድቅም «ከሐዋሳ ዙሪያ እንዳትርቁ» ብለው አስጠነቀቁ። እኔ አብሬ እንድሄድና ስልኳን እንድይዝባት ታዘዝኩ።

ጠዋት በሯ ላይ ቆመን ጡሩምባ ስናሰማ በአዲስ ቀሚስና በነጠላ ወጣች። በፌስታል የዮሴፍን ካባ ይዛለች። ልጆቹ ሲጫወቱበት ከርሞ ባለፈው ፋሲካ ነበር የመለሰላት። በየቦታው ካባውን ይዛ ፎቶ ልትነሣና ልትልክለት ነው። የመኪናውን በር ከፈተች፣ እግሯን ሳታስገባ ቆመችና ጋሼ ወርቁን አየቻቸው።

«ማን ሞተ?» አለች እየሳቀች።

ሰፈሩ ሁሉ የሚቀልደው ቀልድ ነው። እኔ የቦርሳዬን ዚፕ መክፈት መዝጋት ያዝኩ።

«ቤንዚን ተገኘ» አሉ ጋሼ ወርቁ፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። «ሙሉ ታንክ ነው። ግቢ።»

መጀመሪያ ታቦር ተራራ ወጣን። ንጉሡ ጦሩን የሚያሰልፈው እዚያ ነው። ሙሉመቤት ካባውን በሁለት እጇ ዘርግታ ነፋሱ ሲነፋው ፎቶ አነሣኋት። ከኋላዋ ከተማውና ሐይቁ ይታያሉ። «ለዮሴፌ ላኪለት፣ አሁኑኑ» አለችኝ። ስልኬን ጎንበስ ብዬ ነካካሁና «ሄዷል» አልኩ። የሷን ስልክ ጠዋቱን ልያዝልሽ ብዬ ተቀብዬ፣ አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር።

ከዚያ አሞራ ገደል ወረድን። የንጉሡ ጀልባዎች የተነሡት ከዚያ ነው። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ የዓሣ አንጀት ሲሻሙ ሙሉመቤት «እነሱም ወታደር ናቸው» እያለች እየሳቀች ዓሣ አስጠበሰችልን። በደንብ በላች። ጋሼ ወርቁ ሆዴን አሞኛል ብለው አልነኩም። እኔ እያንዳንዱን ጉርሻ በውኃ አወረድኩት።

ቡሹሎ ደግሞ የመንደሩ በር የተሠራበት ቦታ ነበር። በቆሎ የሚኮተኩቱ አንድ የሲዳማ ሽማግሌ አገኘንና ጠየቅናቸው። «በሩ? እሱማ የጀሶ ነበር» አሉን። «ላሜ ታከከችበት ታከከችበት፣ ክረምት መጣ፣ አለቀ። እኔ ድንጋይ መስሎኝ ነበር፣ ለቤት ልወስደው።» ሙሉመቤት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ይህንንም ለዮሴፍ ጻፊለት አለችኝ። ጻፍኩ ብዬ ዋሸሁ። የውሸቱ ብዛት እየከበደኝ መጣ፤ መኪናው ውስጥ ስገባ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

በሽማግሌዎቹ ውል መሠረት ጉዞው እዚያ ማለቅ ነበረበት። ቀስ እያልን ዞረን፣ እኔ ቤት ራት በልታ፣ አምሽታ ትገባለች።

«አሁን ሻላ» አለች ሙሉመቤት።

«ሩቅ ነው ሙሉ» አሉ ጋሼ ወርቁ።

«ሙሉ ታንክ ነው አላሉም እንዴ? ደግሞ ሻላን ሳላይ ምኑን አየሁት? ዮሴፌ የሞተበት ቦታ እኮ ነው።»

ጋሼ ወርቁ በገዛ ቤንዚናቸው ተያዙ። ሻሸመኔን አልፈን፣ አርሲ ነገሌን አልፈን፣ መንገዱ ወደ ባቱ እያቀረበን መሄዱን ሁለታችን እያወቅን ሄድን። እሷ መስኮቱን ከፍታ ግራሩን እየቆጠረች ዘፈን ታንጎራጉራለች። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

የፓርኩ ጠባቂ መንገዱን ጠቆመንና አፋፉ ላይ ደረስን። ሻላ ከሥር ጠቁሮ ተኝቷል፣ ዳር ዳሩ ላይ የፍል ውኃው እንፋሎት ይጨሳል። ሰው የለም። ሙሉመቤት ከድንጋይ ድንጋይ እየዞረች ቆየችና «ምሕረት፣ ፊልሙ ስልክሽ ላይ አለ አይደል? ያንን ቦታ አውጪልኝ። ዛሬ ልየው» አለች።

«እትዬ፣ ሟርት ነው ብለሽ አልነበር?»

«ያኔ ከወደቀበት ተነሥቶ ምሳውን በልቷል እኮ። ምን ያስፈራኛል?»

ጋሼ ወርቁን አየኋቸው። ወደ ሐይቁ ዞረው ቆመዋል። ምን ልበላት? አወጣሁላት። ሁለታችን ስልኩ ላይ ተደፍተን አየን። ዮሴፍ ይሮጣል፣ ቀና ብሎ ወደ ሰማይ ይደነግጣል፣ የዘንዶው ጅራት ይመታዋል። በግራ ትከሻው ይወድቃል። ካባው ተዘርግቶ ከላዩ ያርፍበታል፣ ፊቱ ወደኛ ዞሮ ይቀራል። ስልኩን ከእጄ ወስዳ እሷ ያዘችው።

«ቆይ! መልሺው» አለች። መለስኩላት። «ትከሻውን እዪ። ሲወድቅ ስፌቱ ተለቀቀ!»

ካባውን ከፌስታል አውጥታ ገለበጠችው። ትከሻው ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ቡኒው ጨርቅ በጥቁር ክር ተጠርቅሟል። ስፌቱ ጠማማ ነው፣ ከዚህም ከዚያም የተጎተተ፤ ጆንያ የሚሰፋ ሰው እጅ ይመስላል። ሙሉመቤት ጣቷን አስኬደችበት።

«ራሱ ነው የሰፋው» አለች። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ጠፋ። «ተቀደደ ብሎ አልነገረኝም። ስፌቴ ለቀቀ ብዬ እንዳላዝን ብሎ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ደብቆኝ! ምን አለ ቢነግረኝ? ቁጭ ብዬ በወጉ እሰፋለት ነበር። የኔ ነገር አይደለም እንዴ? ለኔ ተብሎ እኔ የማላውቀው ነገር ያናድደኛል፣ ጋሼ ይሙቱ ያናድደኛል።»

ጋሼ ወርቁ ይህን ሰሙ። ጀርባቸውን ነበር የማየው፤ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ። ወደ መኪናው ሄደው ሞተር አስነሡ።

«ግቡ» አሉ። «አንድ ቦታ ይቀረናል።»

«የት?» አለች።

ዋናው አስፋልት ላይ ስንወጣ ወደ ሐዋሳ በቀኝ መታጠፍ ሲገባቸው ወደ ግራ አጠፉት። በመስተዋቱ ዓይናቸውን ፈለግኩ፣ አልሰጡኝም።

ሙሉመቤት መጀመሪያ ምንም አልመሰላትም። «እሰይ፣ ላንጋኖ ልንሄድ ነው። የንግሥቲቱ ድንኳን የተተከለበት እኮ ነው፤ ያንን ድንኳን ጥልፉን ብቻ ወር ሙሉ ነው የጠለፍኩት» አለች። የላንጋኖ መታጠፊያ መጣ። ጋሼ ወርቁ ፍጥነት እንኳ አልቀነሱም።

«አለፉት እኮ፣ ጋሼ።»

መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙት።

ወደኋላ ዞራ መታጠፊያውን እያየችው ራቅን። ከዚያ እኔን አየችኝ። ፊቴን መቆጣጠር አልቻልኩም፤ እኔ ጋሼ ወርቁ አይደለሁም። ቀስ ብላ ወደፊት ተመለሰች። ፊልሙን በቃሏ ነው የምታውቀው፣ እያንዳንዱን ቦታ።

«ከላንጋኖ ወዲያ ፊልም አልተሠራም» አለች።

«አዎ» አሉ ጋሼ ወርቁ።

ቡልቡላን አለፍን። እዚያ ጋ የጆሮ ጌጧን አንድ በአንድ አወለቀችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ጥለቱን ወደላይ አድርጋ አዘቅዝቃ ለበሰች። ማንም ምንም አልነገራትም። መርዶዋን መንገዱ ነው የነገራት።

«ሳይቀበር እንደርሳለን?» አለች።

«ዘጠኝ ሰዓት ነው። እንደርሳለን።»

«እንግዲያው እንዳያቆሙ።»

ከዚያ በኋላ ነው ጩኸቷ የመጣው። ካባውን አፏ ላይ ጭና ጮኸች፣ እኔ ከኋላ አቀፍኳት፣ ጋሼ ወርቁ ነዱ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ሲወርድ በመስተዋቱ አየሁት። ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሡም።

ስንደርስ ፍትሐት ላይ ነበሩ። የዮሴፍ ሚስት ስታያት ሁሉም ተንጫጫ፣ ማን ነገራት፣ ማን አመጣት ተባለ። ሙሉመቤት ደጋፊ ሳትፈልግ በእግሯ ሄዳ ሬሳ ሣጥኑ ላይ እጇን አሳረፈች። ትከሻው የሚሆንበትን ቦታ በእጇ ፈለገች። ጎንበስ ብላ «እኔ ነበርኩ መስፋት የነበረብኝ» ስትለው ሰማሁ። እስከ መጨረሻው አፈር ቆማ አየች። ሰው መበተን ሲጀምር ቀኝ እጇን ለማንሣት ሞከረችና አልነሣ አላት። ከዚያ ወደቀች።

እግዜር ይመስገን፣ ነፍሷ ተረፈች። ቀኝ እጇ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መርፌ አልያዘም፤ ጣቶቿ ወደ መዳፏ ታጥፈው ቀሩ። ዩኒቨርሲቲው ሌላ ልብስ ሰፊ ቀጠረ። የዘንድሮ ተመራቂዎች ጋውን በሌላ እጅ ነው የተሰፋው። እሷ በር ላይ ተቀምጣ ሲያልፉ ታያቸዋለች።

አቶ ወልደጻድቅ ጋሼ ወርቁን በዕድር ፊት አልወቀሷቸውም። «ያልኩት አልቀረም» ብቻ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ለማራቅ የሚላከው ሌላ ሰው ነው። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ወንድሟን ቀበረች የሚሉ አሉ፣ እጇን አሳጧት የሚሉም አሉ። እኔ እንደሆንኩ በስብሰባው ላይ ንገሯት ብዬ የጮህኩት እኔው ነኝ፤ አሁን ግን በግድግዳው በኩል ሲንጀር የስፌት መኪናዋ ዝም ብሎ ሲውል ስሰማ ማንን እንደምናደድ አላውቅም። ጋሼ ወርቁን አንድ ቀን መኪናውን ለምን ወደ ባቱ አዞሩት ብዬ ጠየቅኳቸው። «ደከመኝ፣ ምሕረት» አሉኝ። «ስንቱን ሰው በዚህች መኪና ደኅና እደር ብዬ ቤቱ አስገባሁ። ያን ቀን አልቻልኩም።»

አሁን በየሳምንቱ ለእጇ ሕክምና የሚያመላልሷት ጋሼ ወርቁ ናቸው። ቤንዚን ይኑርም አይኑር ይመጣሉ። ካባው የኋላ ወንበር ላይ ተጣጥፎ እንዳለ ነው፤ እሷ አልወሰደችውም፣ እሳቸውም ወስደው አልሰጧትም። ያንን ጠማማ ስፌት የፈታው የለም።

ሌላው ሰው ያንን ቀልድ ትቶታል። እሷ ብቻ ናት ያልተወችው። ጋሼ ወርቁ በሩን ይከፍቱላታል፣ እሷ በግራ እጇ የመኪናውን ጣሪያ ይዛ ትቆማለች።

«ማን ሞተ?» ትላለች። አትስቅም።

ጋሼ ወርቁም መሪውን ትተው ወደሷ ይዞራሉ፣ ዓይኗን ያዩዋታል።

«ማንም አልሞተም፣ ሙሉ።»

ይህን ሳትሰማ እግሯን ወደ መኪናው አታስገባም።